ሸዋረጋ ሃሮልድ

ፌብሩዋሪ 6፣ 2016፣ ቅዳሜ

ዝናብ። የመጽሔቱን የወሬ ዓምድ ዛሬ መላክ ነበረብኝ፤ ርዕስ እንኳ የለኝም። ስለ ልዑልቃል ሠርግ ልጻፍ ይሆን? ኬኩን ሲቆርስ ክራቫቱ ክሬም ውስጥ መነከሩን አዳራሹ ሙሉ አይቷል... እኔ ባልጽፈውም ወሬው መድረሱ አይቀርም።

ከሰዓት ዋይት ሲቲ፣ አክስቴ እትዬ ሸዋረጋ ጋ። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ “ሚስ ሃሮልድ!” ብላ ተጣራች። ፈረንጅ አሮጊት ስትጠብቅ እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ብድግ ሲሉ አፏን ከፍታ ቀረች።

“ምን ታፈጥጫለሽ? የአባቴ ስም ነው!” አሏት በአማርኛ።

ልጅቷ ፈገግ አለች። ምን ገብቷት እንደሆነ እንጃ።

ፌብሩዋሪ 9፣ ማክሰኞ

የአክስቴን ታሪክ በቅደም ተከተል ጽፌው አላውቅም። ልሞክር።

አያቴ ኤልፍነሽ በጣሊያን ጊዜ ወደ ኬንያ ተሰደደች። ኢሲዮሎ፣ የስደተኞች ካምፕ። እትዬ ሸዋረጋ እዚያ ተወለዱ። ከዚያ አያቴ ናይቫሻ አንድ እንግሊዛዊ እርሻ ላይ ሥራ አገኘች፤ ሃሮልድ ብሬስዌል ይባላል። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ጣሊያን ሲወጣ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ገባች፤ እናቴን በኋላ ከሌላ ባል ወለደች። እትዬን “አባትሽ ሃሮልድ ነው” አለቻቸው። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም። ሰፈሩ ደግሞ ቀላ ያለ ፊታቸውን አየና የቀረውን ራሱ ጨረሰው። ክልስ። የእንግሊዝ ዲቃላ። ትምህርት ቤት በድንጋይ ተወግረውበታል፤ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌም ቀርቶባቸዋል።

አባታቸውን አልቀበሩም፣ አላለቀሱለትም። በዚህ ዕድሜያቸው አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋሉ፤ መቃብሩ ላይ ልጅ ሆነው ማልቀስ።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት የድሮ ኬንያ ሰፋሪዎች ዘሮች የሚጻጻፉበት ድረ ገጽ ላይ ስሙን አወጣሁ። ማርጋሬት የምትባል ሴት መለሰችልኝ። የሃሮልድ የወንድም ልጅ ናት፤ ሰባ አራት ዓመቷ፣ እዚሁ እንግሊዝ፣ ሰሪ ውስጥ አንድ መንደር ብቻዋን ትኖራለች። ሃሮልድ ታሞ ተመልሶ እዚያው መንደር በ1956 ነው የሞተው። አሁን ሁለቱ አሮጊቶች እሑድ እሑድ በስልክ ያወራሉ። አክስቴ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እሷ በጩኸት። ኤፕሪል 16 መቃብሩ ጋ ቀጠሮ አላቸው።

ዲኤንኤ እንመርመር ያለችው ማርጋሬት ናት። ለእርግጠኝነት።

“ምራቅ በፖስታ ይላካል እንዴ! የሟርተኛ እጅ ቢገባስ?” ብለው ነበር እትዬ። በኋላ ግን ቱቦውን ሞሉት።

ፌብሩዋሪ 20፣ ቅዳሜ

የሃሮልድን ኑዛዜ ከመዝገብ ቤት አዘዝኩ። ማርጋሬት የእርሻውን የመሬት ውል ቅጂ ላከችልኝ፤ የአባቷ ሳጥን ውስጥ ነው ያገኘችው። ሰውዬው መሬቱን የተከራየው ለ999 ዓመት ነው። ሃያውን እንኳ አልኖረበትም።

እዚያ መሬት ላይ በፊት ማን ነበር? ወረቀቱ ምንም አይልም።

ማርች 8፣ ማክሰኞ

የዲኤንኤው ውጤት ኢሜይሌ ላይ መጣ። ሁሉም ምሥራቅ አፍሪካ። አውሮፓ የሚባል ነገር የለበትም፤ ፍንጣሪ እንኳ። ከማርጋሬት ጋርም ዝምድና አላሳየም።

ከኢሜይሉ ወጥቼ ተመልሼ ገባሁ። ያው ነው።

ማርች 9

አልነገርኳቸውም። ደውለው ስለ ሽሮ አወራን።

ማርች 12፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው። ሌላ ምን ላድርግ? ማርጋሬትም ውጤቱ ደርሷታል፤ ከእሷ ከሚሰሙት...

መጀመሪያ ሳቁ። “ታዲያ ዕድሜዬን ሙሉ ክልስ እየተባልኩ የተሰደብኩት በነፃ ነው?”

እኔም ሳቅኩ። ቀና ስል እሳቸው አቁመዋል።

“እናቴ ዋሸችኝ ማለት ነው፣ ሳባ?”

“ኧረ እትዬ፣ ምናልባት...”

“ምናልባት የለም። አባት ብላ የሰው ስም ሰጠችኝ። ያንን ስም ፓስፖርቴ ላይ ይዤ ዞርኩ።”

ኤፕሪል ላይ አልሄድም አሉ። “ለሰው አባት ምን ብዬ አለቅሳለሁ? አስለቃሽ ነኝ?”

ማርች 20፣ እሑድ

ማርጋሬት ደወለች፤ አላነሱላትም። እኔ ጋ ደወለች። “ተቀየመችኝ?” አለችኝ።

ምን ልበላት? ሐዘን ነው አልኳት። ማን ሞተ አለች። ይሄንን እንዴት ነው በእንግሊዝኛ የሚያስረዱት?

ሴቶቹ ማኅበር ላይ ኤልፍነሽን አንስተው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። “አባትየውንማ እሷም አታውቀው ይሆናል!” ውጤቱን ማን ነገራቸው? እኔ ለጓደኛዬ ለጫልቱ ብቻ ነው የነገርኩት፤ እሷም ለማንም አልናገርም ብላ ምላለች። የሰው ወሬ እየጻፍኩ ነው የምኖረው፤ የራሴ አያት ሲሆን ግን ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ማርች 31፣ ሐሙስ

ኑዛዜው ደረሰ። አራት ገጽ። ጠመንጃው ለጓደኛው፣ መጻሕፍቱ ለቤተ ክርስቲያን፣ እርሻው ለወንድሙ ለማርጋሬት አባት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆምኩ። ስንት ጊዜ አነበብኩት...

እንዲህ ይላል፦ “ወንዙ ዳር ያለው ሃምሳ ኤከር ለኤልፍነሽ ልጅ ለሸዋረጋ ይሁን። እናቷ ባሏ የሞተባት ስደተኛ ነበረች። አውራ ጣቴን ማር አስነክራ ልጅቷን አስጠባቻት፤ በእነሱ ሕግ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ነኝ። ይህንን እንደ ቀልድ አልቆጠርኩትም፤ ወራሾቼም እንዳይቆጥሩት።”

ኮቴን ደርቤ ዋይት ሲቲ ሄድኩ። እትዬ ምስር እየለቀሙ ነበር። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

“ድገሚው።”

ደገምኩት።

“ማር ይላል?”

“ይላል።”

“አውራ ጣቱን?”

“አዎ እትዬ። የጡት ልጁ ነዎት።”

ምስሩን አስቀመጡት። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

“እናቴ አልዋሸችም” አሉ ከውስጡ። “እኔ ነኝ ያልጠየቅኳት።”

ኤፕሪል 3፣ እሑድ

ራሳቸው ለማርጋሬት ደወሉ። አጠገባቸው ሆኜ አስተረጎምኩ።

ማርጋሬት ስለ ጣቱ ታውቅ ነበር! ቤት ውስጥ የአጎታችን ቀልድ እየተባለ ይነገር ነበር አለች፤ አባትነት መሆኑን ማንም አልነገራትም። ስለ መሬቱ ግን አታውቅም። አባቷ እርሻውን በ1963 ሲሸጥ ሃምሳውን ኤከርም አብሮ ሸጦታል። “አባቴ የአንቺን ድርሻ ሸጦታል... ምን ላድርግ?”

እትዬ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። “መሬቱ ከማን ተወስዶ ለሃሮልድ እንደተሰጠው ወረቀቱ ላይ አለ?”

“የለም።”

“እንግዲያው የእኔም የአባትሽም አልነበረም። እሱን ያጣ ሰው ይጠይቅሽ። እኔ የምፈልገው መቃብሩን ነው።”

ኤፕሪል 16፣ ቅዳሜ

ሰሪ። ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ እርጥብ ሣር። ድንጋዩ ዘምሟል፤ ስሙ ግን ይነበባል።

እትዬ ጫማቸውን አወለቁ። ለስለስ ያለ ለቅሶ ነበር የጠበቅኩት። የለም። ደረታቸውን እየደቁ፣ ስሙን እየጠሩ፣ በአገር ቤት ወግ። ሙሾ ሲያወርዱም የሚያውቁትን ብቻ ነው ያሉት፦ ስደተኛ ያስጠጋህ፣ የእናቴን ቃል ያከበርክ፣ የሰው መሬት ይዘህ የሞትክ። እሱንም አልተዉለትም! ከዚያ ስሙን ለማያውቁት፣ ኢሲዮሎ ለቀረው ወላጅ አባታቸውም አለቀሱ።

ውሻ ይዘው የሚያልፉ ባልና ሚስት ቆመው ቀሩ። ማርጋሬት መጀመሪያ ዙሪያዋን አየች፤ አፈረች መሰለኝ። በኋላ ክንዳቸውን ያዘች። በኋላ ደግሞ እሷም...

መኪና ውስጥ “ለእናቴም እንዲህ አላለቀስኩም” አለችኝ።

ኤፕሪል 17፣ እሑድ

ለቅሶ ተቀመጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ፣ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን ተውሰን። ማርጋሬት ከጠዋት ጀምሮ አጠገባቸው ናት፤ ጥቁር ሹራብ አድርጋ መጥታለች።

ሰው ጎረፈ። ደረጃው ላይ የሰማሁት፦

“ማን ሞቶባቸው ነው?”

“አባታቸው።”

“አባታቸው! በስንት ዓመታቸው?”

“ከሞቱ ስልሳ ዓመታቸው።”

“አንቺ ደግሞ!”

ቢሆንም ገቡ፤ የጾም ወጥም ይዘው መጡ። ማኅበር ላይ ይንሾካሾኩ የነበሩትም ተቀምጠዋል። እትዬ ለእያንዳንዱ ኑዛዜውን ከነማሩ ነገሩት። ጫልቱ አለቀሰች። ማልቀስም ሲያንሳት ነው።

አመሻሽ ላይ የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ብዙነህ ውሃ በካርቶን ተሸክመው ገቡ። ሃሮልድ የሚባል እንግሊዛዊ መሞቱን ብቻ ነው የሰሙት። ቤቱን አዩና ቀጥ ብለው ማርጋሬት ፊት ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጎንበስ አሉ።

“እግዚአብሔር ያጽናዎት። የሟች ልጅ እርስዎ ነዎት አይደል?”

ማርጋሬት አልገባትም፤ ወደ እኔ ዞረች። አፌን ልከፍት ስል እትዬ ሸዋረጋ የወንበሩን ክንድ ይዘው ተነሡ።

“የሟች ልጅ እኔ ነኝ፣ አቶ ብዙነህ። ወደዚህ ይምጡ።”