ሰዓት የማን ነው?

ውድ ወንድምጋሼ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስለ ጤናህ ብጠይቅ ማን ያምነኛል? ስለዚህ ዋናውን ልንገርህ፦ ገመድህ ደህና ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከወር በፊት ማስታወቂያ የምታነብ አንዲት ሴትዮ ስቀርፅ፣ በየአሥራ አንድ ሰከንዱ ጠቅ፣ ጠቅ ይል ጀመር። ገመድ ቀየርኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። የሴትዮዋን አምባር ሳይቀር አስወለቅኳት፤ "ደግሞ ጥርሴንም አውልቂ በይኝ!" አለችኝ። መጨረሻ ላይ የተዋስኩትን ሚክሰርና የመቅረጫዬን ሴቲንግ ጎን ለጎን ሳይ፣ ሁለቱም ድምፅ የሚቆጥሩበትን የየራሳቸውን ሰዓት ይዘው ቁጭ ብለዋል። አንተ ከሄድክ ወዲህ በአንድ መሣሪያ ብቻ ስለምሠራ ይህን ጣጣ ረስቼው ነበር።

ያኔ ስታስተምረኝ ያልከኝ ትዝ አለኝ። "ሁለት ሰው አልጋ ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይከተላል። ሁለቱም በየፊናቸው ከቆጠሩ ግን የሆነ ቦታ ላይ እግራቸውን ይስታሉ። ጠቅ የሚለው እሱ ነው።" ሰዓቱን አስተካከልኩት፤ ጠቅታው ጠፋ። ሴትዮዋ አንብባ ሄደች። እኔ ግን ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ።

የኋላ ኋላ የድሮውን መቅረጫችንን ከቁም ሣጥኑ ሥር አወጣሁት። አቧራውን ጠርጌ ሳበራው፣ እስከ ዛሬ የራሱን ሰዓት እንደያዘ ነው።

ያቺ ክፍላችን ትዝ ትልሃለች? ግድግዳው ላይ የቸነከርነው ብርድ ልብስ፣ በተነቃነቅክ ቁጥር የሚያለቅሰው ወንበርህ። ቀረፃ ከመጀመራችን በፊት አንተ ሚክሰሩ ጋ ሆነህ "ሰዓት የማን ነው?" ትላለህ። እኔ ተነስቼ ጥግ ያለውን የመቅረጫውን ስክሪን አይቼ፣ ያንተን ሚክሰር እየተከተለ ከሆነ "ያንተ ነው!" እላለሁ። ሳላይ እንዳልመልስ አስምለኸኝ ነበር። እንዴት ደስ ይል ነበር፣ ወንድምጋሼ! ከዚያ ወዲህ ሥራ እንጂ ደስታ አላየሁም።

የመጨረሻውን ቀረፃ ያደረግን ዕለት አባባ ብርድ ልብሱ ፊት ተቀምጦ ነበር። በማግሥቱ ሐኪሞቹ ከጉሮሮው የድምፅ ሣጥኑን ሊያወጡለት ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት የቆረጠ ሰው፣ ያን ሁሉ ፌርማታ የጠራ ጉሮሮ! "ምን ልበልላችሁ?" ሲለን "መስመርህን ጥራልን" አልነው። "ዳቦ ቤት! ድልድይ! ወራጅ አለ? እናቴ፣ ዶሮዋ ከተቀመጠች ትኬት ትቆርጣለች!" እያለ አሥራ አራት ደቂቃ አሳቀን። ያለቀስነው ከሄደ በኋላ ነው።

ያዳመጥነውም ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው። ጠቅ፣ ጠቅ። አንተ ቀስ ብለህ "ሰዓቱን አይተሽ ነበር?" አልከኝ። "አይቻለሁ!" አልኩህ። አላየሁም ነበር። ጠዋት ብቻዬን ስለማመድ መቅረጫውን ወደ ራሱ ሰዓት አዙሬው ሳልመልሰው ቀርቻለሁ። እሱን ረስቼዋለሁ ልበል፤ አለማየቴን ግን አውቅ ነበር። ይኸው ነው እውነቱ። ይባስ ብዬ "የአባባን ድምፅ የገደለው አንተ የበየድከው ገመድ ነው!" አልኩህ። ገመዱን እንደ ልማድህ ክንድህ ላይ ጠቅልለህ ወጣህ።

አሁን ዋናውን ቅጂ ከፍቼ ሰማሁት። ከአባባ በፊት ያንተ ድምፅ አለ፦ "ሰዓት የማ..." ሳትጨርስ የእኔ "ያንተ ነው!" ይከተላል። ያን ያህል ቸኩዬ እንዴት ተነስቼ ላይ እችላለሁ? ችኩሊት ያልከኝ በከንቱ አይደለም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሦስት ሳምንት ለቀምኩ። ሰባ ስድስት ጠቅታ፣ አንድ በአንድ፣ በእጄ። ከዚያ ለአባባ ይዤለት ሄድኩና ከማሰማቴ በፊት ጥፋቴን ነገርኩት። ደብተሩን ሳበና "አውቅ ነበር" ብሎ ጻፈ። "ፊት ለፊቴ አልነበርሽ? ከወንበርሽ አልተነሳሽም።"

"ታዲያ ለምን ለእሱ አልጻፍክለትም?" አልኩት እያለቀስኩ።

"ካንቺ አፍ ይስማው ብዬ ነው። ስድስት ዓመት ይፈጅብሻል ብዬ ግን አላሰብኩም" ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። ፌርማታው በተጠራ ቁጥር ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ሲያልቅ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋው። "ልጄ ይምጣ" ይላል።

ቅጂውን በፍላሽ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። መግቢያው ላይ ያለውን ጥያቄህንና የእኔን መልስ አልቆረጥኩትም፤ አብሮ ይኑር። ይቅር በለኝ፣ ወንድምጋሼ። ገመድህንም ይዘህ ና። የሚያለቅሰው ወንበርህ አሁንም በቦታው ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ተቀመጥና እንደ ድሮህ "ሰዓት የማን ነው?" በለኝ። ቶሎ ካልመለስኩልህ እንዳትቆጣ። ተነስቼ እያየሁ ነው።

ችኩሊት፣ እህትህ