የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ጩኸት

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ምሽት 12፡20

ዝዝዝዝ። ዛሬም። ቀን ቀን የለም፤ ልክ ሲመሽ ይመጣል። ወንድሜ ታዴ ተኝቷል፤ ኤርፖርት ካርጎ የሌሊት ተረኛ ነው። እንዳልቀሰቅሰው ትልቁን መብራት አላበራሁም። እንደ ወትሮው የቻርጅ መብራቴን ሬዲዮው ራስጌ አድርጌ አጭር ሞገድ (ከአሁን ወዲያ አ/ሞ፣ እጄ ደከመ) ከፈትኩ። ዝዝዝዝ።

ደብተሬ፣ ከጩኸቱ ሥር እሷ አለች። ሩቅ ምሥራቅ ያለችው የደሴት ጣቢያ። ዘፈኑ ይሰማል። ሴትዮዋ ትናገራለች። የጣቢያውን ስም ልትጠራ ስትል ይውጣታል። ስም ካልሰማሁ ደግሞ ሰማሁ አይባልም፤ የእኛ የአ/ሞ አዳኞች ሕግ ነው። የሰማሽውን ብቻ ጽፈሽ ትልኪያለሽ፤ እውነት ከሆነ ጣቢያው ማረጋገጫ ካርድ ይልክልሻል። ሌላ ጣቢያ ቢሆን ነገም አለ እል ነበር። እሷ ግን ቅዳሜ አ/ሞ ትዘጋለች። ለዘላለም። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደርሳ፣ ደጄ ላይ ትታነቅ?

ማክሰኞ

ግርማ መጣ። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከእኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ። (ፊት ለፊት ጋሽ ነው የምለው። እዚህ ግን አልለውም።) ጣሪያው ላይ ከሮቶው እስከ ምሰሶው የዘረጋሁት አንቴና መብረቅ ይጠራል አለ። እስከ ቅዳሜ ይውረድ። አምስት ዓመት ኤሌክትሪክ ተምረሽ ሽቦ ላይ ተንጠለጠልሽ ወይ? ብሎ ሳቀ።

ሳቀ!

ረቡዕ። 12፡50

የጩኸቱን ምንጭ አገኘሁት። ትንሿን ሬዲዮ ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። አራተኛ ፎቅ፣ ትንሽ። ሦስተኛ፣ ግርማ በር ላይ፣ ጮኸች! አንኳኳሁ። ጋቢውን ለብሶ ወጣ። የውኃ ፓምፕዎን ያጥፉልኝ አልኩ።

"የምን ፓምፕ? ውኃ ከጠፋ ሦስት ቀኑ አይደል እንዴ!"

እንግዲያው ቲቪው ነው አልኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ሥራ ፈልጊ።"

እንቅልፍ ይንሳው። ወጣሁና የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት፦ የሰብሳቢው ቤት የተበላሸ ዕቃ ሕንፃውን እያወከ ነው። አንቴናዬን አይቶ ሰላይ የሚለኝ አንዱ "ሰላያችን ተናደደች" ብሎ ሳቀብኝ። ወ/ሮ ዘነበች ግን አመኑኝ። የእኔም ፍሪጅ የተቃጠለው ለካ በሱ ነው አሉ። ይበለው።

ሐሙስ

ኢንተርቪው፣ መገናኛ። ታክሲ ሰልፍ 40 ደቂቃ፣ ቢሆንም ደረስኩ። ብልሽት እንዴት ትፈልጊያለሽ? አሉኝ። ሁሉንም አንድ በአንድ እያጠፋሁ፣ ከራሴ ዕቃ ጀምሬ አልኩ። ጠያቂዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ጻፈች። ያሳውቁኛል። ደብተሬ፣ ይሄኛው ይሆናል! ይሰማኛል።

ግሩፑ ነዷል። ቅዳሜ 4 ሰዓት ስብሰባ። ግርማ ይውረድ እያሉ ነው። ደስ አለኝ።

ምሽት፦ ዝዝዝዝ።

ዓርብ። 12፡40

መብራት ጠፋ! ብሎኩ በሙሉ። እሰይ! ብዬ ጮህኩ፤ ከደረጃው አንዷ "ምን ያስፈነድቃታል ይቺን!" አለች። የግርማ ቲቪ ሞቷል፣ ሁሉም ሞቷል። ሬዲዮውን በባትሪ ከፈትኩ።

ዝዝዝዝ።

አልገባኝም። ዞር ብዬ አየሁ። በዚህ ሁሉ ጨለማ የሚበራ አንድ ነገር ብቻ አለ። የቻርጅ መብራቴ።

አጠፋሁት።

ጸጥ።

ከዚያ እሷ። ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራች፣ ጎረቤት የተቀመጠች ያህል። በጨለማ መዳፌ ላይ ጻፍኩ። አለቀስኩ መሰለኝ።

አሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ረቡዕ ግርማ በር ላይ ሬዲዮዬን ያስጮኸው ምንድን ነው? የቆጣሪ ሳጥን። ቆጣሪ ሥር የማይጮህ ሬዲዮ የለም። ይህን አውቃለሁ። ረቡዕም አውቅ ነበር። እሱ እንዲሆን ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ። ጠዋት 3፡10

ሽቦዬ የለም። ታዴ ከሥራ ሲገባ አይቶታል፤ ግርማ ራሱ ጠቅልሎ ቤቱ አስገባው። ሃያ ሜትር መዳብ! ሌባ! ሳይነግረኝ፣ ሳያንኳኳ!

ለታዴ የመብራቱን ነገር ነገርኩት። ጫማውን እያወለቀ ተዪው አለ፤ ማን ያውቃል፣ ይውረድ፣ የሥራውን ነው። እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅም። 4 ሰዓት ላይ ያወርዱታል፣ እኔ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

የደሴቷ ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ነው። ተጽፎ አልቋል። ያልሰማሁትን አንድ ቃል አላስገባሁም።

3፡40

ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት፦ "ጩኸቱ የእኔ መብራት ነበር። በጋሽ ግርማ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው፤ ይቅርታ። ወ/ሮ ዘነበች፣ ፍሪጅዎንም እሳቸው አላቃጠሉትም። ሽቦዬን ግን ይመልሱልኝ።"

ግርማ አነበበው።

ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ድምፅ። እየወጣ ነው። ሽቦውን ይዞ ከሆነ... በሩ ተንኳኳ። ልክፈት።