ሰባት አፍ ያለው ንጉሥ

መጋላ፣ ድሬዳዋ
ሚያዝያ 1978

ውድ ዲሪር፣

ይህን ደብዳቤ የት እንደምልከው አላውቅም። ሳላናግርህ ማደር ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

ከጅቡቲ ያመጣህልኝን የእጅ ጌም ታስታውሳለህ? አንድ ሰውዬ ድልድይ ላይ ቆሞ፣ እየሮጡ ወንዝ የሚገቡትን ይይዛል። ሦስት ሰው ካመለጠው አለቀ። እኔ ነጥብ ስቆጥር አንተ፣ «ወላሂ በድሩ፣ እነዚህ ሰዎች ከምንድነው የሚሸሹት?» አልከኝ። ጌሟ መልስ የላትም። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ በደብተር መጻፍ ጀመርኩ፤ ከወንዙ ማዶ ሰባት አፍ ያለው ንጉሥ አለ፣ በየማለዳው ለየአፉ አንድ ጎረምሳ ይቀርብለታል ብዬ። እያንዳንዱን ምዕራፍ ደረቁ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተቀምጠህ ሰምተኸኛል።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። ለሸቀጥ ጅቡቲ በሄድክ በሦስተኛው ቀን ፖሊሶች ኮንትሮባንድ ብለው ቤታችንን ፈተሹ። ጨርቅ ሲያጡ ደብተሩን አገኙ። የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ ሰሞን ነበር። አንዱ ቆሞ አነበበና፣ «ጎረምሳ የሚበላው ንጉሥ ማነው?» አለኝ። «የኔ አይደለም፤ የዲሪር ነው፣ አደራ ብሎኝ ነው» አልኩ።

ሁለት ሳምንት እቆያለሁ ብለኸኝ ነበር። ድንበር ተሻግሯል፣ አይደርሱበትም፣ በባቡር ሠራተኛ እንዳይመጣ መልእክት እልክበታለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። አንተ በማግስቱ መጣህ። ባቡር ጣቢያው ላይ ሲይዙህ ኪስህ ውስጥ የጌሟ ባትሪ ነበር አሉ። ባትሪ አለቀብኝ ብዬ ስነጫነጭብህ ሰምተህ ነው።

ይኸው ሰባት ወር ሆነ። እናትህ አዴ ዓሻ በየሳምንቱ ትመጣለች። «በድሩዬ፣ ጽሕፈት ታውቃለህ፣ ማመልከቻ ጻፍልኝ። ልጄ ታሪክ ጽፎ አያውቅም በልልኝ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ደብተሩን በጻፍኩበት እጅ ጻፍኩላት፣ ፊደሌንም አልቀየርኩም። ማመልከቻውን ከደብተሩ ጎን የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ቢገኝ፣ አፌ የፈራውን እጄ ይናገራል ብዬ ነው።

ትናንት ማመልከቻውን ልናስገባ ቢሮው ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን ሳያነበው ክምሩ ላይ ጣለና፣ «መልስ ሲኖር እንጠራሻለን» አላት። መንገድ ላይ እጄን ይዛ፣ «አላህ ይስጥህ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለችኝ።

ይቅር በለኝ ለማለት ፊት የለኝም። ግን አልዋሽህም ዲሪር፤ ጸሐፊው ሳያነበው ሲቀር እፎይ አልኩ። ማክሰኞ ደግሞ ሌላ እንጽፋለን።

በድሩ