ከብስኩት ቆርቆሮ የሠራኸው ማጉያ

ውድ አባዬ፣

ከሄድክ ዓመት ከአንድ ወር ሆነህ። እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። በደወልኩልህ ቁጥር እንዴት ነህ፣ እማዬ እንዴት ናት፣ ዝናቡ እንዴት ነው እያልኩ ዋናውን ነገር ሳልነግርህ ስልኩን የዘጋሁ ልጅህ እኔው ነኝ። ዛሬ ዋናውን ልጽፍልህ ነው የተቀመጥኩት። እጄ ግን እምቢ እያለኝ ስለሆነ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ያው ነው። ከወንበር ስትነሳ "ወይኔ" ትላለች፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ደግሞ ድኛለሁ ትላለች። ትልቁን ራዲዮህን ጠዋት ጠዋት ከፍታ ነው ቤት የምትጠርገው። ጣቢያውን አትቀይርም፤ አንተ የተውከው ላይ እንዳለ ነው። ሱቅህን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ለምትሸጥ ልጅ አከራየናት። ጨዋ ልጅ ናት፤ የመሥሪያ ጠረጴዛህን አላወጣችውም፣ ዕቃዋን የምትደረድረው እሱ ላይ ነው። ጓደኛህ ጋሽ ነስሩም እንደ ድሮው በረንዳው ላይ ልብስ ይሰፋል። መነጽር ቀይሯል። "አባትሽ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር" ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ፍሬሙ ቀይ ነው።

ወሬው አለቀ። እንግዲህ ወደ ማጉያው ልምጣ።

ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወልቂጤ ሥራ ይዤ የተከራየኋት ክፍል ግድግዳዋ ስስ ስለነበር የጎረቤት ቴሌቪዥን እኔ ቤት ነው የሚያወራው ብዬ አማረርኩልህ። በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ አንድ መዝሙር እንኳ መስማት አልቻልኩም አልኩህ። አንተ ከእንሴኖና ከአረቅጥ ለጥገና መጥተው ባለቤት ያልተመለሰላቸውን የሞቱ የቫልቭ ራዲዮዎች ከመደርደሪያው አውርደህ መፍታት ጀመርክ። ሰው ሁሉ የጣለውን ነገር አንተ መቼም ጥለህ አታውቅም። ከአንዱ እንደ አምፖል የሚበሩትን የመስታወት ቫልቮች፣ ከአንዱ ትራንስፎርመሩን፣ ከአንዱ ደግሞ ያንን የሚያምር ቡናማ የድምፅ መዘውር ነቅለህ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ማጉያ ሠራህልኝ። ያ ሁሉ ሥራ ክረምቱን ሙሉ ፈጀብህ።

ራስህ ይዘኸው መጣህ። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢልህ "አንተ ልጅህን ጣሪያ ላይ ትጭናለህ?" ብለህ እንደተቆጣኸው እየሳቅክ ነገርከኝ። ከቡታጅራ ወልቂጤ ድረስ ጭንህ ላይ አድርገህ ነው ያመጣኸው። ሱሪህ ላይ የዝገት ምልክት ነበረ።

ያን ቀን ሁለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ቤቴ ነበሩ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠህ ሰካኸው፤ ከዚያ "ቆይ፣ ይሙቅ፣ አትቸኩዪ" አልክ። ሁለቱ ቫልቮች ቀስ ብለው እንደ ፍም ቀሉ። ጓደኞቼ እንኳ ሲያዩት ደስ ብሏቸው ነበር። እኔ ኮምፒውተሬን አገናኘሁና ማዳመጫውን አደረግኩ። ከዘፈኑ ሥር "ዝዝዝ" የሚል ነገር አለ።

ምን ነበረበት ዝም ብል? ምን ነበረበት "ጎሽ አባዬ" ብዬ ምሳ ባቀርብልህ? ማዳመጫውን አውልቄ "አባዬ፣ ይሄ እኮ የንብ ቀፎ ነው" አልኩ። ጓደኞቼ ሳቁ። መሳቃቸው ደግሞ ልቤን ነፋውና "የቆርቆሮ ነገር ከዚህ በላይ ምን ይሆናል" ብዬ ጨመርኩበት።

አንተ ማዳመጫውን ወስደህ ዓይንህን ጨፍነህ ሰማህ። "እውነትሽን ነው፣ ዝዝ ይላል" አልክ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅከኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም። "ማጉያ የሰጡትን ነው የሚያጎላው። ከሥር የምትሰጪው ንጹሕ ነው?" አልከኝ።

እኔም "አባዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው፣ ራዲዮ አይደለም" አልኩህ። እንደዚያ ብዬ ዘጋሁት። ለመንገደኛው ሁሉ "ኢንጅነሯ" እያልክ የምትጠራት፣ ኮምፒውተር የተማረች ልጅህ ተናገረቻ! አመንከኝ። ማጉያውን መልሰህ ጭንህ ላይ አድርገህ፣ ምሳም ሳትበላ፣ በዚያው ቀን ተመለስክ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚሉት እኔን ነው።

ከዚያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ሽቦውን ቀየርኩት፣ ብየዳውን አደስኩት፣ ትራንስፎርመሩን ከቫልቮቹ አራቅኩት ትለኛለህ። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ "እሺ፣ እሺ አባዬ" እያልኩ የሌላ ሰው መልእክት አነባለሁ። ሁለተኛ ይዘኸው ስትመጣ ያው ነው፣ ዝዝ ይላል። ግራ ገባህ። "እኔ ሱቅ ውስጥ ከራዲዮ ጋር ሳገናኘው እኮ ጸጥ ያለ ነው። ነስሩም ሰምቶታል" አልከኝ። ይኸውልህ፣ እዚህ ላይ ነው የገደልኩህ። ሳላስበው፣ ጸጉሬን እያበጠርኩ፣ "ሱቅህ ውስጥም ይላል፣ አንተ አልሰማኸውም እንጂ። ጆሮህ ነዋ አባዬ" አልኩህ።

ማጉያውን እኔው ጋ ተውከውና "በይ ለመታሰቢያ ይሁንሽ" ብለህ ሄድክ። በወሩ ሱቁን ዘጋህ። እማዬ ስትነግረኝ፣ ደክሞት ነው፣ ጥሩ አደረገ፣ ይረፍ አልኩ። ይረፍ! አንተ መቼ ዕረፍት ትወድ ነበር?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማጉያውን አገናኝቼ ልሰማ ብል ያው ዝዝታ አናደደኝ። ማዳመጫውን ከማጉያው ነቅዬ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። ዝዝታው እዚያም አለ፤ ቀጭን ሆኖ፣ ተደብቆ። ማመን አቃተኝ። ሮጬ የጎረቤቴን ስልክ ለመንኩና ማጉያህን ከስልኩ ጋር አገናኘሁት። ጸጥ! ዘፈኑ ብቻ፣ ጥርት ብሎ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

አባዬ፣ ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ይቅር ያስብል ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ዘፈን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልስ ትንሽ ክፍል አለ፤ የእኔ ኮምፒውተር ውስጥ እሱ ክፍል ከማራገቢያውና ከኃይሉ መስመር ጋር ተጣቦ ስለሚኖር የእነሱን ጩኸት አብሮ ይልካል። ማጉያህ ደግሞ እንዳልከው የሰጡትን ያጎላል። ይሄ ነገር ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። አንተ ጠጋኙ ሳትማረው ጠየቅከኝ፣ የተማርኩት እኔ ዘጋሁህ።

ያኔውኑ ደወልኩልህ። አነሳህ። ገና ሰላም እንደተባባልን "ያቺ ነገርዬ እንዴት ናት?" አልከኝ። እኔም "ደህና ናት አባዬ" አልኩና ስለ ዝናቡ ጠየቅኩህ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር እኮ! ግን እንዴት ብዬ ልበል? ጓደኞቼ ፊት ያዋረድኩህ እኔ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብል ምን እመስላለሁ አልኩ። መስቀል ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ሁሉም ከያለበት አገር ቤት ሲገባ፣ ቤቱ ሲሞላ፣ አንተ መርቀህ ሁሉም ጠግቦ ሲስቅ እንደ ቀልድ ጣል አደርገዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ይቅርታ ልጠይቅህ ሳይሆን ፊቴ ሳይቀላ የማልፍበትን ቀን ነበር የምመርጠው።

መስቀልን አልጠበቅክም። በአዲሱ ዓመት በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጠዋት ጫማህን እያሰርክ ሄድክ።

ለቅሶው ላይ ደግሞ ሌላውን ኃጢአት ጨመርኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ እጅህ ያወራል። አንዱ ገበሬ አባቱ የተዉለትን ራዲዮ ሦስት ጊዜ ከሞት እንዳስነሳህለት እያለቀሰ ተናገረ። ያኔ ጋሽ ነስሩ "ወላሂ፣ እኔ እንዳትዘጋ ብዬው ነበር" አለ። "ጆሮዬ ከድቶኛል፣ ልጄ ራሷ ነግራኛለች፣ የሰው ዕቃ ከማበላሽ ልቀመጥ ነው ያለኝ" አለ። ሰው ሁሉ አዘነ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ አለቀስኩ፤ ያየኝ ሁሉ ለአንተ የማለቅስ መሰለው። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ዓመት ሙሉ ማጉያህን ጨርቅ አልብሼ አስቀመጥኩት። በዚህ ክረምት ነው አንድ ነገር ያስገዛሁት። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ከፍ ያለች ዕቃ ናት፤ ባለሙያዎቹ ዳክ ይሏታል። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የመመለሱን ሥራ ከኮምፒውተሩ ሆድ አውጥታ፣ ከጩኸቱ ርቃ፣ ለብቻዋ ትሠራዋለች። ከኮምፒውተሩ ወደ እሷ አንድ ገመድ፣ ከእሷ ወደ አንተ ቆርቆሮ ሌላ ገመድ፤ በቃ። ቫልቮቹ እስኪሞቁ ጠበቅኩ። ዘፈን ሳልከፍት መዘውሩን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ምንም የለም። አባዬ፣ ምንም! ዘፈን ሳልከፍት፣ ያንን ጸጥታ እየሰማሁ ቡና ሰዓት እስኪደርስ ተቀመጥኩ።

ዘንድሮ ለመስቀል ስመጣ እኔም ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት። በማግስቱ ጋሽ ነስሩን ቤት ጠራሁትና እማዬ ባለችበት ማዳመጫውን ከኮፍያው በላይ አደረግኩለት። ትንሽ ቆየና "ተበላሽቷል እንዴ? ምንም አይሰማም እኮ" አለኝ። እሱን ነው ላሰማህ የፈለግኩት አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ንቡን፣ ቆርቆሮውን፣ ጆሮህ ነዋ ያልኩህን፣ ስልኩን፣ ለቅሶውን።

ጋሽ ነስሩ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። "ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብትነግሪው ምን ነበረበት?" አለ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ።

እማዬ ግን አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ለካ ለዚህ ነው" አለች። ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት የእጅ ሰዓትህን ፈትተህ አንዴ ቀኝ ጆሮህ ላይ አንዴ ግራ ጆሮህ ላይ እያደረግክ ትሰማው ነበር አለችኝ። ምን ሆነሃል ብላ ብትጠይቅህ "አይ፣ ይሰማኛል፣ ግን ልጅቷ ታውቃለች" አልካት። ይሰማሃል እኮ! የሰዓት ምት እየሰማህ የእኔን ቃል አመንክ።

እንግዲህ አባዬ፣ አልረሳህም ብዬ ቃል መግባት ለእኔ ቀላል ነው፣ አንተን ማን ይረሳል? ቃል የምገባልህ ያደረግኩትን እንዳልረሳ፣ ሲመቸኝም እንዳላሳጥረው ነው። ማጉያህ አሁን ሱቅህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ልጅቷ ቻርጀሮቿን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቃለታለች። በየመስቀሉ አገር ቤት የሚገባ ዘመድ ሁሉ ይሰማዋል። ሰምቶ "እንዴት ጥርት ይላል!" ባለ ቁጥር ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳጣጣለውና ጥፋቱ የማን እንደነበር ሳልደብቅ እነግረዋለሁ። ጋሽ ነስሩ ትናንት ሲያልፍ ቆም ብሎ አየው፤ ለእኔ ግን ሰላም አላለኝም። ልክ ነው፣ ይቆይ።

ያን ቅዳሜ ስልኩን አንስተህ "ያቺ ነገርዬ እንዴት ናት?" ስትለኝ ልመልስልህ የሚገባኝን አሁን ልበልህ። አባዬ፣ ዝዝ የሚለው የእኔ ኮምፒውተር ነው። ጆሮህም እጅህም ደህና ናቸው። ሱቅህን ክፈት።

ልጅህ ሰናይት