ባለቤቴን ነፍሰ ጡር ስላስመሰለው ገንዘብ፣ ለማዕከላዊው ባንክ ገዥ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሾፌርዎና ፊርማዎ ያረፈባቸው የገንዘብ ኖቶች በሙሉ እንደምን ሰንብታችኋል? በተለይ የኖቶቹ ጤና ያሳስበኛል፤ እኔ እጅ የሚገቡት ወገባቸው በፕላስተር የታሰረ፣ ጥጋቸው የተበላና ቁጥራቸው በመዳፍ ብዛት የጠፋ አረጋውያን ስለሆኑ፣ እርስዎ ዘንድ ያሉት ወጣቶቹ ደህና መሆናቸውን ብሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኛማ ይመስገነው፣ አለን፤ ከባለቤቴ ጋር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ እየሰፋን እንኖራለን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ሌላ ተንኮል ኖሮኝ ሳይሆን፣ አንድ ትልቅ ኖት ባለማሳተምዎ በቤቴ ላይ ያዘነቡትን ውለታ ለብቻዬ ይዤ መቅረት ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ኪስ ላመስግንዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሱሪ የሚያሰፋ ሰው ሁለት ኪስ በጎን፣ አንድ ከኋላ ይበቃው ነበር። ዛሬ ለልጁ ጫማ ሊገዛ ያሰበ አባት ከጫማ ቤቱ በፊት ወደ እኔ መጥቶ በሱሪው ውስጥ፣ በኮቱ ገበር፣ ሲቻልም በብብቱ ሥር ኪስ እንዳበጅለት ይለምነኛል። ባለፈው ሰሞን የሰፋሁለት አንድ ሙሽራማ የአዳራሹን ኪራይ በኪሱ ይዞ ስለዋለ፣ በፎቶው ሁሉ ላይ ደረቱ እንዳበጠ ቀርቷል። አሁን ለአንድ ሱሪ ከእግሩ ይልቅ ለኪሱ የሚሄደው ጨርቅ ይበልጣል። ገበያችን ደርቷል፣ እግዜር ይስጥልን፤ የሚከፍሉን በእነዚያው ኖቶች በመሆኑ ግን ትርፍ ጊዜዬን ለራሴ ኪስ በመስፋት አሳልፋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉልበት። ባለቤቴ ከሙሽርነቷ ጀምራ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ልጆቻችንን አሳድጋለች፣ ድራለች፤ አሁን ግን ቀኝ ጉልበቷ አብጦ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። ሐኪሙ መርገጡን ካላቆመች እግሯ ታጥፎ እንደሚቀር ሳያድበሰብስ ነገረን። መርገጡን ካቆመች ደግሞ የቤታችን ገቢ እኩሌታው ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ መድኃኒቷ አንድ ብቻ ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና። ዕድል ቀናንና በጎረቤት ከተማ ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ ሥራ ትተው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ስለሆነ መኪናቸውን በደህና ዋጋ ሊሸጡ መሆኑን ሰማን። ቀብድ አይቀበሉም፤ በስልክ የሚላክ ገንዘብማ ካልዳሰስኩት በምን አምነዋለሁ ብለዋል፤ እኛም እንላክ ብንል እንኳ ሲስተም አልነበረም። ቅዳሜ ከመምሸቱ በፊት ሙሉውን ገንዘብ በእጃቸው ያስቆጠረ ይወስደዋል፣ ያልቻለ ይቀርበታል።

የዓመታት ቁጠባችንን ለማውጣት ባንክ ስሄድ፣ ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ትልቅ የሚባለው ኖት ማለቁን፣ አዲስ ኖትም አለመኖሩን በትሕትና ገልጻ፣ ያረጁትን ትንንሾች በእቅፍ በእቅፍ አስረከበችኝ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህን ያህል ወረቀት በዘንቢል ይዞ አውቶቡስ መሳፈር ሌባን በጥሪ ካርድ እንደ መጋበዝ ነው። የሙያ ነገር ሆነና ከገበር ጨርቅ ዙሪያውን ኪስ በኪስ የሆነ ሰደርያ ሰፋሁ። መጀመሪያ እኔው ለበስኩት፤ ከሲታ በመሆኔ ግን በመስታወት ሳየው የሰው ድስት ሰርቆ የሚወጣ ሰው መሰልኩ። ባለቤቴ መኪናውን ሞክራ ለማየት አብራኝ መሄዷ ስለማይቀር በሰፊ ቀሚሷ ሥር እሷ ለበሰችው። ያኔ ጉድ ፈላ! የልጅ ልጅ ያየችው ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ከጓዳ ወጣች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ቸግሮኝ ያገባኋትን አስረገዝኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጉዞው። የሕዝባችንን ደግነት እንዳውቅ ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አውቶቡሱ ውስጥ ገና ስንገባ ግማሹ ሰው ከመቀመጫው ተነሣላት፤ አንዲት አሮጊት በዚህ ዕድሜ መፅነሷን እንደ ተአምር ቆጥረው ምርቃቱን አወረዱላት፤ ወንዶቹም በአድናቆት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ እውነቱን ልናገርና ትንሽ ደስ አለኝ። ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር እንቁላል እንደጫነ ሰው ማዝገም ጀመረ። ቸኩለናል እንዳንለው፣ ነፍሰ ጡር ሚስቴን በጉድጓድ አስሩጡልኝ የሚል ባል ምን ዓይነት አረመኔ ነው ሊባል ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት አዋላጅ ሆና መገኘቷ ነው። ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞር ባለች ቁጥር ሆዷ ኮሽ ኮሽ ይላል። አዋላጇ በሥራ ዘመኗ ኮሽ የሚል ሆድ ገጥሟት አያውቅምና ፊቷ ተለዋወጠ፤ ባለቤቴ ነፋስ ነው ብትላት፣ እንዲህ ያለ ነፋስ የለም ብላ ሾፌሩን በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ እንዲታጠፍ አዘዘችው። ተሳፋሪው በሙሉ በአንድ ድምፅ ደገፋት። ገንዘብ ነው ብለን እንዳንገላገል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እጀ አመለኛው የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ መጋረጃውን ጋርዳ ቀሚሱን ገለጥ ስታደርግ የክቡርነትዎን ፊርማ አየችው። ዕድሜ ይስጣትና ምስጢር ጠባቂ ነበረች፤ ሳቋን በመሐረብ አፍና ወጣችና ደጅ ላይ ለተሰበሰበው ተሳፋሪ እናትም ልጅም ደህና መሆናቸውን አበሠረች። እልልታው ቀለጠ። ሰዓታችን ግን ሄደ።

አራተኛ፣ ስለ ቆጠራው። ከሽማግሌው ቤት የደረስነው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ባለቤቴ ጓዳ ገብታ በሰላም ተገላገለችና ገንዘቡን በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ከመርነው። ሽማግሌው ጨዋ ሰው ናቸው፣ ነገር ግን ያልቆጠሩትን አይቀበሉም። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ እያንዳንዱን ኖት ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሡ፣ የተቀደደውን ለብቻ፣ የተለጠፈውን ለብቻ እያስቀመጡ፣ ሲምታታባቸውም ከሀ እየጀመሩ ቆጠሩ። እናግዝዎት ብንላቸው ገንዘብ የሚቆጠረው በተቀባዩ እጅ ነው አሉን። በዚህ መሃል ባለቤቴ መኪናው ላይ ተቀምጣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገባችና እግሯን ጣል ብታደርግበት ስፌቱ እንደ ውሃ ፈሰሰላት፤ ጉልበቷ ንቅንቅ አላለም። ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመኔ! ክቡር ሆይ፣ ያን ሳቅ አይተውት ቢሆን ኖሮ ማተሚያ ቤቱን እሑድም ያስከፍቱት ነበር።

ክምሩ ገና ሳይጋመስ አንድ የመጋረጃ ነጋዴ በፒካፑ ከተፍ አለ። የያዘውም ያንኑ ትንሽ ኖት ነው፤ ልዩነቱ የባንክ ማሰሪያው ያልተፈታ፣ ገና ያልታጠፈ አዲስ፣ እስር በእስር መሆኑ ነው። ለእኛ የለም የተባለው አዲስ ኖት ለእሱ ተገኝቶለታል፤ ለካ ገንዘብም እንደ ሰው ዘመድ ወዳለበት ነው የሚሄደው። ሽማግሌው እስሮቹን ብቻ ቆጥረው ጨረሱ። ሊወስዳቸው የመጣው ልጃቸው ደጅ ላይ ጥሩምባ እየነፋ ነበርና የእኛን ቆጥረው እስኪጨርሱ ማን ይጠብቃቸው? ለእናንተ ቢሆንልኝ በወደድኩ ብለው ከልባቸው አዘኑልን። መኪናው ሲጫን የባለቤቴ ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌው ሥር እንዳለ አብሮ ሄደ። እኔ ነጋዴውንም፣ ባንኩንም፣ አዋላጇንም ረገምኩ፤ እሷ ግን ሰደርያዋን መልሳ ለበሰች።

አምስተኛ፣ ስለ ወሬው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እኛ ቤት ሳንደርስ ወሬው ደርሶ ሰፈሩን አዳርሷል። ትልቋ ልጃችን ደውላ በዚህ ዕድሜያችሁ አታፍሩም ወይ ብላ አለቀሰችብን፤ አማቻችን የሕፃን ልብስ ጠቅልለው መጡ። እውነቱን እንዳንናገር ገንዘቡ ገና ቤት ውስጥ ነው። ተቀበልን፣ አመሰገንን፣ ምን ይደረግ!

ስድስተኛውን ቅሬታ ባለቤቴ አንብባ ሰርዛዋለች፤ ለባለሥልጣን የማይጻፍ ቃል ነበረበት።

መሥሪያ ቤትዎ ትልቅ ኖት ቢታተም ዋጋ እንደሚንር በሬዲዮ ማስረዳቱን ሰምቻለሁ፣ ስለ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ዋጋው ግን ትዕግሥት የሌለው ሆኖ ኖቱን ሳይጠብቅ ቀድሞ ወጥቷል፤ እዚያ ላይ ብቻውን ከሚቀር አንድ ኖት ቢሰዱለት ምን ይመስልዎታል? በሥዕሉ አንጨቃጨቅም፤ ወፍም ይሁን ድልድይ፣ ደስ ካለዎትም የራስዎን ምስል ያትሙበት፣ እኛ አክብረን አጥፈን ኪሳችን እንከተዋለን። ይህን ስጽፍልዎ ባለቤቴ ጉልበቷን በትራፊ ጨርቅ ጠቅልላ እዚያው አሮጌው መኪና ላይ እየረገጠች ነው። ተነሺ ብላት ለነገ የተቀጠረ ልብስ አለ አለችኝ። እግሯ ታጥፎ እንዳይቀርብኝ እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህቺኛዋን ያለ ሽሙጥ ነው የምነግርዎ።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ የብዕርዎን ቀለም አያድርቅብዎ፣ በትንንሽ ኖት የተከፈለ ደመወዝዎን ቆጥረው ለመጨረስ የሚበቃ ዕድሜም ያድልዎ እያልኩ፣ ኪሶቼ በፈቀዱልኝ መጠን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ አክባሪና ባለውለታ፣
ልብስ ሰፊውና የኪስ ባለሙያው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሌላ የስፌት መኪና ተገኝቷል። ዋጋው ግን ከፊተኛው እጥፍ ስለሆነ፣ በእርስዎ ኖት ሲሰላ ባለቤቴ በዚህ ጊዜ መንታ ማርገዝ ሊኖርባት ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ከባድ ነገር እንዳትሸከም ከልክሏታል። ስለዚህ ትልቁ ኖት እስኪታተም ድረስ ሰደርያውን ክቡርነትዎ ለብሰው አብረውን እንዲሳፈሩ በትሕትና እንለምናለን፤ የወገብዎን ልክ ቢልኩልኝ በነፃ አስተካክለዋለሁ። በጋዜጣ ላይ ከወጣው ፎቶግራፍዎ እንደተረዳሁት ግን፣ ክቡርነትዎ ያለ ገንዘቡም ወርዎ የገባ ይመስላል።