የሰው ዓይንና የቤት ኪራይ

ሐሙስ፣ ጥር 7

እማዬ ቪዛው እስኪመታ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምላኝ ነበር። የሰው ዓይን ትፈራለች። ዛሬ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ የጎረቤታችንን ልጅ ሳምሪን አገኘኋትና መደበቅ አላስቻለኝም። "ጀርመን ልማር ነው። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ የቤት ኪራዩ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ" አልኳት፤ የምሄድበትን ከተማም ነገርኳት።

ሳምሪ አፏን ያዘች። "እኔንም እኮ እዚያው ከተማ ተቀብለውኛል! እማዬ ናት አትናገሪ ያለችኝ።"

ግድግዳ ተጋርተን እየኖርን፣ ሁለታችንም ለየብቻችን በኪራይ ስንጨነቅ ከርመናል! አንድ ክፍል ለሁለት ልንከራይ ተስማማን።

ቤት ገብቼ ስነግራት እማዬ "አፍሽን አትሰበስቢም?" ብላ ጮኸችብኝ። አልሰበስብም። ነገ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የማወራው። እንደኛ ዝም በይ የተባለች ሦስተኛ ልጅ ከተገኘች ኪራዩ ይበልጥ ይቀንስልናል።