ታጣፊዋ ወንበር

ሰኞ፣ ኅዳር 5

ዛሬም አረፈድኩ። ልክ ልንወጣ ስንል ልጄ ድንቡሼ የጠጣችውን ወተት በሙሉ ደረቴ ላይ መለሰችው። እሷን ቀየርኩ፣ እኔም ቀየርኩ... አውቶቡሱ ጥሎን ሄደ። ቀጣዩ ጢም ብሎ መጣ። እንደምንም ጋሪዋን በመሃል በር አስገባሁና መስኮቱ ሥር ያለችው ቦታ ላይ አቆምኩት። እናቴ ጋ አድርሻት መነጽር ቤቱ ስገባ አለቃዬ ስለ ሰዓቱ ምንም አላለኝም። "ሸሚዝሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው" አለኝ። ደንበኛ ፊት!

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ተጣላሁ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ከአሮጊት ጋር። እኔ?

መስኮቱ ሥር ታጣፊ ወንበር አለች። ጋሪ ከቆመ ወንበሯ አትዘረጋም። ወንበሯ ከተዘረጋች ጋሪ አይቆምም። ከላይ የተለጠፈው ምልክት ላይ ደግሞ ከዘራ የያዘ ሽማግሌም አለ፣ የሕፃን ጋሪም አለ። ጎን ለጎን። ማን ይቅደም? እሱን አይልም።

ቀይ ኮፍያ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሴትዮ ገቡ። ቀጥ ብለው ወደ እኔ።

"ጋሪሽን እጠፊውና ልጅሽን ታቀፊያት። ልቀመጥበት።"

"እማማ፣ አሁን ገና ነው የተኛችው..."

"እሷስ ተኝታለች። እኔ ነኝ የቆምኩት።"

ሰው ሳቀ። ደሜ ፈላ። "ጎረምሳው ሁሉ ተቀምጦ ለምን እኔ ላይ ብቻ? ሌላውን ያስነሱ!" አልኩ። ሌሎቹ ወንበሮች ደረጃ አላቸው፣ ዳሌዬ አይወጣልኝም፣ የምችለው ይቺን ብቻ ነው አሉ። እውነት ይሁን ሰበብ ማን ያውቃል? አላጠፍኩትም። እስክወርድ ድረስ ብረቱን ይዘው ቆመው ሄዱ። ዓይናቸውን አንዴ እንኳ ከእኔ ላይ አላነሱም።

ለባሌ ስነግረው "ደግ አደረግሽ" አለኝ። ደግ አደረግኩ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ሴትዮዋ የሉም። እፎይ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ሊያድር ነው።

ዛሬ ገቡ። ያው ቀይ ኮፍያ። "ዛሬስ?" አሉኝ። ድንቡሼ ነቅታለች፣ ምክንያት የለኝም። ግን ዳይፐሩ፣ ጡጦው፣ ምኑ ቅጡ ጋሪው ላይ ተንጠልጥሏል... እልህም አለ፣ ለምን እዋሻለሁ። አላጠፍኩትም። ገፋ አድርጌ መተላለፊያው ላይ አወጣሁትና "እንኩ! ይቀመጡ!" አልኳቸው። ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ወንበሯን ዘርግተው ተቀመጡ። "ተባረኪ" አሉ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነዋ፣ ሌላ ማን! ቦርሳዬ ውስጥ እየፈለግኩ... ጋሪውን ለቀቅ አደረግኩት። ፍሬኑን አልረገጥኩትም። ለአንድ አፍታ ነው እኮ።

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ሞተር ሳይክል ፊቱ ገብቶበት ነው አሉ በኋላ። እኔ ያየሁት ነገር የለም። ወደ ፊት ተወረወርኩ፣ ብረት ያዝኩ። ጋሪው ሄደ። ልጄን ይዞ፣ በመተላለፊያው እየተንደረደረ ወደ ፊተኛው ደረጃ። ጮህኩ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ... የገዛ እግሬ!

ከዘራ ሲወድቅ ሰማሁ። ዳሌዬ አይወጣልኝም ያሉት ሴትዮ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሱ። እንደ ልጅ። የጋሪውን እጀታ በሁለት እጃቸው አፈፍ አደረጉት። ጋሪው ጎተታቸው። ወለሉ ላይ በጎናቸው ወደቁ፣ ጋሪውም እላያቸው ላይ ተጋደመ። አልለቀቁትም። ድንቡሼ በቀበቶዋ ተንጠልጥላ ትጮኻለች። አንድ ጭረት የላትም።

የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። ከዘራው ይሆን? ከዘራው ይሁን።

ከዚያ የመጣው ደግሞ የባሰ። አንዷ "እሳቸው ናቸው ያስነሷት! ወንበር፣ ወንበር ሲሉ!" አለች። አንዱ "እናትየዋ ናት እንጂ፣ ስልክ ስትጎረጉር!" አለ። አውቶቡሱ ለሁለት ተከፈለ። ሰው መሬት ላይ ወድቆ እያቃሰተ ማን አጠፋ ይባላል? እንዴት ያለ ሕዝብ ነው? ሴትዮዋ እዚያው እንደተጋደሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት እማማ።"

"እንግዲያስ ዝም አሰኚያት። ጆሮዬ ሥር ነው የምትጮኸው።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሥራ አልሄድኩም። ድንቡሼ ካልሲዋን አውልቃ ታኝካለች፣ ትስቃለች። እንዴት አንድ ነገር እንኳ አልገባትም?

ባሌ፦ "ባያስነሱሽ ኖሮ ጋሪው ከቦታው አይነቃነቅም ነበር።" እናቴ፦ "ብታጥፊው ኖሮ ልጅቷ እቅፍሽ ውስጥ ነበረች።" ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም ልክ ከሆኑ እኔ የት ልግባ?

አርብ፣ ኅዳር 16

ሆስፒታል ሄድኩ። በእግሬ። ፌርማታው ጋ ስደርስ አውቶቡሱ በሩን ከፈተ፣ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሹፌሩ ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ... ዘግቶ ሄደ።

ክፍሉ በር ላይ ልጃቸው ቆሟል። ወፍራም ሰውዬ፣ ዓይኑ ያበጠ። ማን እንደሆንኩ ሳልነግረው አወቀኝ።

"ልጅሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"እናቴ ደህና አይደለችም።" ይህን ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ያለ ኮፍያቸው እንዴት ትንሽ ናቸው! አልጋው ዋጣቸው።

"እንዴት ዋሉ እማማ?"

"እኔማ ተኝቼ። አንቺ ነሽ የቆምሽው።" ወንበር እንድስብ በአገጫቸው አሳዩኝ። እንዴት ሊነሱ ቻሉ፣ ዳሌዬ ሲሉ አልነበር? ሳላስበው ጠየቅኳቸው።

"እኔ መች ተነሳሁ? እጄ ነው የተነሳው። በልጅነቴ የእጅ ኳስ በረኛ ነበርኩ። ስንቱ አምልጦኛል መሰለሽ። ጎማ ያለው ኳስ ግን ያንቺ የመጀመሪያው ነው።"

ሳቅኩ። ሳቄ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተገለበጠብኝ። "በይ በቃ፣ ነርሷ የሞትኩ መስሏት ትመጣለች" አሉ። ይቅርታ ልላቸው ነበር የሄድኩት። ሳልል ወጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 25

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። ይራመዱ ይሆን? ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። ብቻቸውን የሚኖሩበትን ቤት ለቀው ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። ድመታቸውን ጎረቤት ወሰደችላቸው። ይቺ የድመቷ ነገር ለምን እንዲህ አንገበገበችኝ?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 15

ጆሮዬን አላመንኩም። አሁንም አላምንም።

ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ በሳምንት አንዴ እጠይቃቸዋለሁ። ዛሬ ድንቡሼን ይዣት ሄድኩ። ልጃቸው ሻይ ሰጠኝና ወደ ጓዳ ገባ። እሳቸው ልጅቷን ትክ ብለው አዩ፣ አዩ... ከዚያ፣

"እውነቱን ልንገርሽ? ይቆጨኛል።"

"ምኑ እማማ?"

"ጋሪውን መያዜ። ሁልጊዜ አይደለም። ጠዋት ጠዋት። ልጄ አቅፎ ሽንት ቤት ሲያስቀምጠኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር... ያን ጊዜ፣ ምነው አርፌ ተቀምጬ ቢሆን እላለሁ። ወንበሬን አግኝቼ አልነበር!"

ድንቡሼ ጭኔ ላይ የኮቴን ቁልፍ ትጎትታለች። ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት። አመማት መሰለኝ፣ ጮኸች። ምን ማለታቸው ነው? ልጄ ደረጃው ላይ... ፊት ለፊቴ? እሷው ባለችበት? ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ደህና ዋሉ ማለቴን እንኳ እንጃ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 17

ባሌ "ሁለተኛ እዚያ ቤት አትረግጪም" አለ። እሺ አልኩት። ከልቤ ነው እሺ ያልኩት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 29

አልሄድኩም። ቤት ጠራሁ፣ ልብስ አጠብኩ። ልጃቸው ደወለ። አላነሳሁም።

ሐሙስ፣ ጥር 4

የዚያን ቀን የአውቶቡሱ ሹፌር ዛሬ መነጽር ቤት መጣ። የቅርብ ማንበቢያ ፈልጎ። አወቀኝ። "እኚያ ጀግና ሴትዮ እንዴት ሆኑ?" አለኝ። ደህና ናቸው ብዬ ዋሸሁ። ምን ልበለው?

ጀግና... ነርሷ ጀግና ትላቸዋለች። ጎረቤት ጀግና ይላቸዋል። እኔም በሄድኩ ቁጥር እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ... አፋቸውን በምስጋና ጠቅጥቄ ዘጋሁባቸው እኮ! ሰው ሁሉ ጀግና ነሽ እያለሽ ይቆጨኛል ለማን ይባላል? ለልጃቸው እንዳይሉት፣ ሽንት ቤት የሚወስዳቸው እሱ ነው። ለእኔ አሉ። ከሰው ሁሉ መርጠው ለእኔ።

እኔስ ብሆን? ያን ቀን ዘልዬ ያነሳሁት ማንን ነው? ድንቡሼን። እሳቸው ከሥር ነበሩ። ረግጫቸው ይሆን? አላስታውስም። ማስታወስም አልፈልግም።

ንዴቴ ወጥቶልኛል? የለም። ግን እንደበፊቱ አያቃጥልም።

ቅዳሜ፣ ጥር 13

ሄድኩ። ለባሌ ሳልነግር፣ ድንቡሼን ለእናቴ ትቼ፣ በአውቶቡስ። ላብ አጠመቀኝ። ብረቱን እስኪያመኝ ጨብጬ ደረስኩ።

"መጣሽ እንዴ? አትመጪም ብዬ ነበር።"

"እኔም አልመጣም ብዬ ነበር።"

ልጃቸው በር ላይ እንደቆመ ቀረ፣ መግባትም መውጣትም አቅቶት። ጢሙ አድጓል። ከስቷል። ኮትህን ልበስና ወጣ ብለህ ና አልኩት። "የት?" አለኝ። የሚሄድበት እንኳ ጠፍቶታል! ሂድ ብቻ አልኩት። ሄደ።

"ዛሬስ ይቆጭዎታል?" አልኳቸው።

"ጠዋት፣ አዎ። አሁን ገና አላሰብኩበትም።" ቀና ብለው አዩኝ። "ያን ለት አስደነገጥኩሽ።"

"በጣም።"

"እኔም ደንግጫለሁ። እንዲህ የማስብ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።"

ይቅርታ ልበል? አልኩ። በመጨረሻ አልኩት። ስላላጠፍኩት ጋሪ፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለዚያ "እንኩ ይቀመጡ"። እጃቸውን አወናጨፉ፣ ምንም አይደል ግን አላሉም። ጥሩ አደረጉ። ቢሉኝ አላምናቸውም ነበር።

ትንሽ ቆይተው በሩን አዩ። ልጃቸው አልመጣም። ገባኝ።

"ሽንት ቤት ልውሰድዎት?"

"አንቺ?... አትችይኝም።"

ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳኋቸው። እየተንገዳገድን፣ አንዴ በሩን በትከሻዬ መትቼ፣ አንዴ እሳቸው "ቀስ በይ፣ ጋሪ መሰልኩሽ?" ብለው ተቆጥተውኝ ደረስን። ልብሳቸውን ስናስተካክል ሁለታችንም አለከለክን።

"ፊትሽን አታዞሪም?" አሉ።

"ካዞርኩ ይወድቁብኛላ።"

ትንሽ አሰቡት። ከዚያ አንገቴን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉብኝ።

ከእንግዲህ ቅዳሜ የእኔ ነው፣ ልጃቸው ይወጣል። ተስማማን። ለባሌ ነገ እነግረዋለሁ። ይቆጣል... ይቆጣ። ወገቤን አሞኛል።